መርፌው የሚለቅበት ሰዓት

በእኛ አካባቢ እግሩ ተጎድቶ ኦፕሬሽን ክፍል የገባ ሰው «ከወገብ በታች ነው የምናደነዝዝዎ» ሲባል ፊቱ ይለዋወጣል። እግሩን ሊያጣ እንደሚችል ተነግሮት ያልደነገጠ ገበሬ፣ የጀርባ መርፌ ሲባል ይደነግጣል። ምክንያቱንም ለማስረዳት አይቸገርም። የጎረቤቱ ሚስት ለወሊድ ተወግታ ወገቧ እስከ ዛሬ አልቀናም። የአንዱ ዘመድ ደግሞ ከተወጋ በኋላ ሽባ ሆኖ ቀርቷል። (ይህን ዘመድ በዓይኑ ያየ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።) ስለዚህ ልመናው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ልጄ፣ ዝም ብለህ አስተኛኝ። የገዛ እግሬን ሲበልቱት አልይ።»

የሰመመን ባለሙያ ነኝ። ሕመምተኛው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል፤ ድሮ አርም ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ። የምሠራው ሰሜን ሸዋ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አቋርጦ፣ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን የበጠሰ አይሱዙ፣ በጭጋግ ውስጥ የተገለበጠ ሞተር፣ በጎቹን ከመኪና ሊያድን ሲሮጥ ራሱ የተገጨ እረኛ፣ ሁሉም በመጨረሻ የሚመጣው እኛ ዘንድ ነው። አጥንቱ ይጠገናል። ችግሩ ሥጋውና ቆዳው ነው። ቅልጥም ከፊት በኩል ከቆዳ በቀር መከለያ የለውም፤ ቆዳው ከሄደ አጥንቱ ይገለጣል፣ የተገለጠ አጥንት ይደርቃል፣ ከዚያ መግል ይከተላል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ሥጋ ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። ከጉልበት በታች ያለው የላይኛው ክፍል ከተገለጠ፣ ከቆዳው ሥር ያለውን የባቱን ጡንቻ ከነደም ሥሩ አዙሮ ይሸፍነዋል። መሐሉ ከሆነ ከዚያ ጡንቻ ሥር ያለውን ጠፍጣፋ ጡንቻ ያነሳል። ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው የታችኛው ክፍል ግን በአቅራቢያው የሚበደር ሥጋ ስለሌለው ለሁሉም አስቸጋሪ ነው። በዞረው ጡንቻ ላይ ደግሞ ከጭን የተገፈፈ ስስ ቆዳ ይተከላል።

እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉ ልጆችም አሉ። ቃጠሎው ሲድን የቋንጃው ቆዳ ተኮማትሮ ጉልበታቸው ታጥፎ የቀረባቸው። የእነሱን ነገር ሌላ ቀን ብጽፈው ይሻላል፤ ልጅን ማደንዘዝ ራሱን የቻለ ዓለም ነው።

ለእግር ሥራ ሙሉ ሰመመን ለምን እንደማልመርጥ ስጠየቅ መልሴ አጭር ነው። የሚሠራው እግር ሆኖ ሳለ ጭንቅላቱን፣ ሳንባውንና ልቡን ሁሉ ለምን እነካለሁ? ዕድሜውን ሙሉ በጭስ ቤት የኖረ የስድሳና የሰባ ዓመት ሰው በራሱ አየር ቢተነፍስ ይሻለዋል። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ማስገባት አይኖርብኝም። ብዙ ዓመት ያገለገለን የማስተኛ መድኃኒት፣ ኬታሚንም፣ ውለታው ባይካድም፣ ዓይኑን ከፍቶ ሌላ ዓለም ውስጥ ሲቅበዘበዝ የሚቆይ ሽማግሌ አይቶ የማያዝን የለም።

የፍርሃቱን ምንጭ ግን አልንቀውም። ጀርባ ላይ መወጋት የሚያስፈራ ነገር ነው። ለሕመምተኛው የምነግረው እንዲህ ነው፦ ሰው ሽባ እንዳይሆን የምንጠነቀቅለት ህብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው ከወገብ የመጀመሪያው አጥንት አካባቢ ያበቃል። እኔ የምወጋው ከዚያ በታች፣ ብዙ ጊዜ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ነው። እዚያ ያለው ፈሳሽና በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ክሮች ናቸው። የዳሌውን አጥንት በሁለት እጄ ይዤ፣ አውራ ጣቶቼ ጀርባው መሐል ላይ ሲገናኙ አራተኛው አጥንት አካባቢ መሆኔን አውቃለሁ። የሚገባው መድኃኒት ቡፒቫኬይን ይባላል፤ መጠኑም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ነው። ጠርሙሱን ሳሳየው «ይቺ ናት?» ይላል። አዎ፣ ይቺ ናት። ከባድ ጉዳት ፈጽሞ አይደርስም ብዬ አልዋሽም፤ እጅግ ጥቂት ጊዜ ይደርሳል። ራስ ምታት፣ የደም ግፊት መውረድ፣ የተወጋው ቦታ ለጥቂት ቀን መታመም ግን የተለመዱ ናቸው፤ እነሱንም አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አይቀርም፦ «አረቄ እጠጣለሁ፣ ይይዘኛል?» ይይዝዎታል አባባ። ለሙሉ ሰመመን ቢሆን የአረቄው ነገር ያሳስበኝ ነበር፤ ለጀርባው መርፌ ግን ብዙ ለውጥ የለውም።

ከዚያ የሚሆነውን ማየት እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም። መጀመሪያ የሚመጣው ሙቀት ነው። ደም ሥርን አጥብበው የሚይዙት ቀጫጭን ነርቮች ቀድመው ስለሚደነዝዙ ደሙ ወደ እግር ይወርዳል። ከመንዝ የመጣ፣ ከጥቅምት ጀምሮ እግሩ ሞቆት የማያውቅ ሰው ድንገት ዓይኑን ያበራል። «እሳት አነደዳችሁልኝ እንዴ?» ይላል። ቀጥሎ ቅዝቃዜ የመለየት ስሜት ይጠፋል፤ በአልኮል የራሰ ጥጥ ደረቱ ላይ ሳስነካው «ይበርዳል»፣ ጭኑ ላይ ሳስነካው «ረጥቧል እንጂ አይበርድም» ይላል። ከዚያ ህመም ይሄዳል። ከዚያ እግሩ እንደ ግንድ ይከብደዋል። መነካት ግን ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ ሰው የሚደናገጠውም እዚህ ላይ ነው። «እጃችሁ ይሰማኛል! አልያዘኝም!» ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ደጋግሜ እነግረዋለሁ፦ ሲጎትቱ፣ ሲጫኑ፣ ሲያንኳኩ ይሰማዎታል፤ ህመም ግን አይሰማዎትም። ይህን ያልተነገረው ሰው መርፌው ቢይዘውም ሲሰቃይ ነው የሚውለው።

ሌላም እንግዳ ነገር አለ። ተቀምጦ የተወጋ ሰው እግሩ እንደታጠፈ ይመስለዋል። ጀርባው ላይ ተኝቶ እግሩ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ሳለ «ጉልበቴን አውርዱልኝ፣ ደከመኝ» ብለው የለመኑኝ አሉ። አእምሮው የሚያውቀው መጨረሻ ላይ እግሩ የነበረበትን ቦታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወሬ የሚያመጣለት ነርቭ የለም። ጨርቁን ገለጥ አድርጌ እግሩን ሳሳየው አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያማትባል።

ያ ደስ ያሰኘው ሙቀት ግን ዕዳ አለበት። የወረደው ሙቀት ከየትም አልመጣም፣ ከራሱ ሆድና ደረት ነው የተወሰደው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል፣ ኦፕሬሽን ክፍሉም ጠዋት ላይ ከሜዳው ብዙ አይለይም። እግሩ ሞቀኝ ያለው ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጥርሱ እየተፋጨ ይንቀጠቀጣል። ለጡንቻና ለቆዳ ሽግግር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አካል ሲበርደው ደም ሥር ይኮማተራል፤ በአንዲት ደም ሥር ተንጠልጥሎ ወደ አዲስ ቦታ የዞረ ጡንቻ ደግሞ በዚያች ደም ሥር ነው የሚኖረው። ስለዚህ ጉሉኮሱን እናሞቃለን፣ ሕመምተኛውን ከመርፌው በፊት ጀምረን እንሸፍናለን፣ ካስፈለገም ለመንቀጥቀጡ ትንሽ ፔቲዲን ወይም ትራማዶል እንሰጣለን። ለማሞቂያ ተብሎ የተሠራው መሣሪያ ሲበላሽ ያየሁት ምርጥ ነገር አንድ አስታማሚ በር ላይ ያቀበለችን የመንዝ ባና ነው። ለንጽሕና ሲባል ወደ ውስጥ መግባት አልነበረበትም፤ በንጹሕ አንሶላ ጠቅልለን ደረቱ ላይ አደረግንለት። ከዚያ የተሻለ ሙቀት ከፋብሪካ አይመጣም።

ቆዳ ከጭን ሲገፈፍ ድምፅ አለው። አንድ ሽማግሌ ጆሯቸውን አቁመው ሲያዳምጡ ቆዩና «በግ ነው የምትገፍፉት?» አሉ። ቀዶ ሐኪሙ ሳቁ መጥቶበት እጁን ከሥራው አነሳ። ከዚያ ስለ በግ ቆዳ ዋጋ መውደቅ ተጀመረ፤ ድሮ ከበዓል በኋላ ነጋዴ እየተሻማ ይገዛው እንደነበር፣ ዛሬ ውሻ እንደሚጎትተው ነገሩን። እኔ ወሬውን አላቋርጥም። ወሬ መሣሪያዬ ነው። የሚያወራ ሰው ይተነፍሳል፣ አንጎሉ ደም እያገኘ ነው። ድንገት ዝም ካለ፣ ካዛጋ ወይም «አቅለሸለሸኝ» ካለ ግፊቱ እየወረደ እንደሆነ ከማሽኑ ቀድሜ አውቃለሁ። ከጀርባው ሌላ፣ እግሩን የሚያዘው ነርቭ አጠገብ መርፌ ስሰጥም እንዲሁ ነው፤ ምላስዎ ከደነዘዘ፣ ጆሮዎ ከጮኸ፣ አፍዎ ብረት ብረት ካለዎት ቶሎ ይንገሩኝ እላለሁ። መድኃኒቱ በስህተት ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ከሆነ ከመንቀጥቀጥና ከልብ መቆም በፊት ብዙ ጊዜ የሚታየው ምልክት ይህ ነው፤ ማርከሻ ሆኖ የሚሰጠው የስብ ፈሳሽ ደግሞ በሁሉም ቦታ በእጅ የሚገኝ ነገር አይደለም።

የዚህ ሥራ ታሪክ ራሱ ከእግር ይጀምራል። አውጉስት ቢር የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም፣ አድዋ ላይ ድል በሆነ በሁለት ዓመቱ፣ በፈረንጆቹ 1898፣ ኪል ከተማ ውስጥ ለአንድ የቀን ሠራተኛ የጀርባ ፈሳሽ ውስጥ ኮኬይን ሰጥቶ የቁርጭምጭሚት ኦፕሬሽን ሠራ። ሰውየው የእግሩ መገጣጠሚያ በቲቢ ተበልቶ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቢርና ረዳቱ ሂልደብራንት እርስ በርሳቸው ሊሞክሩት ተነሱ። የረዳቱ እግር ደነዘዘ። ቢር ቅልጥሙን በብረት መዶሻ መታው፣ በሚነድ ሲጋር አቃጠለው፤ ረዳቱ አልተሰማውም። ማታ ወይን ጠጥተው ሲጋራቸውን አጭሰው ደስ ብሏቸው ተለያዩ። በማግስቱ ግን ቢር በራስ ምታትና በማዞር ለቀናት አልጋ ላይ ዋለ፤ ረዳቱም ያ የተመታው ቅልጥሙ በልዞ ሲያመው ሰነበተ። በትምህርት ቤት ይህን ታሪክ የሚነግሩን ለግኝቱ ትልቅነት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የማግስቱ ነገር ነው። መዶሻው ሲያርፍ ያልተሰማው ሰው መዶሻው ከተቀመጠ በኋላ ተሰማው።

የእኛም ድክመት እዚያው ላይ ነው። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ጎበዞች ነን። የጀርባው መርፌ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይይዛል፤ ሥራው በሰላም ያልቃል፣ ሰውየው እየሳቀ ወደ ዋርድ ይሄዳል፣ እኛም ጓንታችንን አውልቀን ሻይ እንጠጣለን። ህመሙ የሚጀምረው እኛ ቤታችን ከገባን በኋላ ነው። ይህን ለማራዘም ነው ነርቩን ለብቻው የምናደነዝዘው። ከጉልበት በታች ያለውን አብዛኛውን የሚያዘው ሳያቲክ የተባለው፣ ከሰውነት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ፣ ነው። ቋንጃ ላይ በአልትራሳውንድ ሲያዩት እንደ ማር እንጀራ ነጠብጣብ ያለው ክብ ነገር ይታያል፤ መድኃኒቱ ሲከበው ጥቁር ቀለበት ይሠራል። የእግሩ የውስጥ በኩል ግን በሌላ ነርቭ ስለሚታዘዝ እሱም ለብቻው መደንዘዝ አለበት። በደንብ የተሰጠ እንደሆነ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ቀን ይቆያል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጭኑ ነው። የታመመው እግር ከጉልበት በታች ነውና ሐሳብ ሁሉ እዚያ ይሄዳል። ቆዳው የተገፈፈው ግን ከጭን ነው፣ የተገፈፈ ቦታ ደግሞ ከተተከለበት ቦታ ይልቅ ያማል፤ የነርቭ ጫፎቹ ሁሉ ተገልጠው ነው የቀሩት። ቋንጃ ላይ የተሰጠ መርፌ ጭን አይደርስም። ስለዚህ «ቁስሌ ደህና ነው፣ ያቃጠላችሁት ጭኔን ነው» ሲሉ ስለሰማሁ፣ አሁን ቀዶ ሐኪሙን ቆዳው ከየት ነው የሚነሳው ብዬ ሳልጠይቅ መርፌ አላነሳም። ከጭን የውጭ በኩል ከሆነ፣ ከዳሌው አጥንት አጠገብ የምታልፈውን ቀጭን ነርቭ በትንሽ መድኃኒት ማደንዘዝ ይበቃል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ የሚያሳርፈው ግን ሌሊቱን ሙሉ ነው።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የተሰጠ መርፌ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ ይለቃል። እንደ ጀንበር መጥለቅ ቀስ ብሎ ቢለቅ ደግ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን በአንድ ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ «ምንም አላመመኝም፣ ኪኒኑን ለምን እውጣለሁ» ሲል የዋለ ሰው በስምንት ሰዓት አልጋውን ይዞ ይጮኻል። ያኔ ዋርዱ ውስጥ ያለችው አንዲት ተረኛ ሲስተር ናት፤ በእጇ ያለው ሕመምተኛ ብዛት የሚያሳዝን ነው፤ ጠንካራው የህመም ማስታገሻ የተቆለፈበት ቁልፍ ሌላ ሰው ዘንድ ነው። እስኪገኝ ይነጋል። በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ስለዚህ ጉዳይ በስብሰባ አንስቻለሁ፤ መልሱም ሁሌ «በጀት» ነው። ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክን በሰዓቱ መስጠት ስንት በጀት እንደሚፈልግ እስካሁን የነገረኝ የለም። ኩላሊቱና ጨጓራው ደህና ከሆነ፣ ሁለቱን መርፌው ሳይለቅ፣ እግሩ ገና ደንዝዞ ሳለ መጀመር ነው ያለበት። ህመም ከመጣ በኋላ ማሳደድ ሌላ ሥራ ነው።

አሁን አሁን የፋሻው ጠርዝ ላይ መርፌው የተሰጠበትንና ይለቃል ብዬ የምገምተውን ሰዓት በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ በሀበሻ ሰዓት፣ አስታማሚው እንዲያነበው። ሲስተሯን ማመን አቅቶኝ አይደለም። ሌሊት ሕመምተኛው አጠገብ የሚነቃው ልጁ ወይም ሚስቱ ስለሆነች ነው። «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቢያመውም ባያመውም፣ ይቺን ኪኒን ይዋጥ» ብሎ ለቤተሰብ መንገር ከወረቀት ትእዛዝ የተሻለ ሲሠራ አይቻለሁ።

ለአስታማሚዎች የምነግራቸው ሌላው ነገር ስለ ትኩስ ውሃ ነው። ቅዝቃዜ ባለበት አገር ፍቅር የሚገለጸው በማሞቅ ነው። ውሃ አፍልተው በፕላስቲክ ሃይላንድ ሞልተው እግሩ ሥር፣ ከጋቢው ውስጥ ያስገባሉ። ደህና እግር ሲያቃጥለው ይሸሻል። የደነዘዘ እግር አይሸሽም፣ ባለቤቱም አያውቅም፤ ጠዋት ፋሻው ሲነሳ ከቁስሉ አጠገብ ውሃ የቋጠረ አዲስ ቃጠሎ ይገኛል። ሰውነቱን አሙቁት፣ ደረቱን ሸፍኑት፣ እግሩን ግን በብርድ ልብስ ብቻ። ወደ ሽንት ቤትም ብቻውን አይሂድ፤ እግሩ ያለ ይመስለዋል፣ ሲረግጥበት ግን የለም። ተረከዙ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ እንዳያድር በየጊዜው አንሡለት፤ በጉልበት ውጫዊ ጎን አጥንቱን ታክኮ የሚያልፈው ነርቭ እዚያ ላይ በፋሻ ወይም በአልጋ ብረት ከተጫነ የእግሩ ጣት ወደ ላይ አልነሳ ሊል ይችላል።

ከቀዶ ሐኪሞች ጋር እስካሁን ያልተስማማንበት አንድ ነገር ይቀራል። አዲስ የተሰበረ ቅልጥም ውስጥ ጡንቻው ሲያብጥ በሽፋኑ ታፍኖ ደም ሊቋረጥበት ይችላል። ዋናው የማስጠንቀቂያ ምልክት ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን፣ ጣቶቹን ሲዘረጉለት የሚብስ ህመም ነው፤ ቶሎ ካልተከፈተ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ሐኪሙ «ነርቩን አታደንዝዝብኝ፣ ህመሙን ትደብቅብኛለህ» ይላል። እኔ ደግሞ መድኃኒቱን አሳንሼ ብሰጥ የዚያ ዓይነት ህመም ሰብሮ ይወጣል ብዬ እከራከራለሁ፤ ሌሎች ምልክቶችም አሉ፣ የባቱ መጠንከር፣ የእብጠቱ መወጠር። እሱ «ማን ነክቶ ሊያየው?» ይላል። እውነቱን ነው። በየሰዓቱ ባቱን የሚዳስስ ሰው ካለ አደነዝዛለሁ፤ ከሌለ የኔ ክርክር ባዶ ነው። ለወራት የቆየ ቁስል ሊሸፈን የመጣ ሰው ላይ ይህ ጣጣ ስለሌለ ያለ ሐሳብ እሰጣለሁ። አዲስ ስብራት ሲሆን ግን አልትራሳውንዱን ከማብራቴ በፊት ዋርድ ደውዬ ሌሊት ተረኛው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። በቅርቡ አንድ ወጣት ሹፌር መጥቶ ስደውል ተረኛዋ ለሁለት ዋርድ አንድ ብቻዋን ነበረች፤ የጀርባውን መርፌ ብቻ ሰጠሁት፣ ለሌሊቱ ሞርፊን አሳዘዝኩለት፣ ቁልፉን የያዘውንም ሰው ስልክ ከሲስተሯ ጋር ትቼ ወጣሁ።